ማባዛት ነው ማካፈል? የምንዛሪ ስሌት ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ አንድን ገንዘብ ወደ ሌላ ስለ መመንዘር የተላኩ ናቸው። ቋሚ ተመን ወይም ያለፈ ጊዜ ተመን መሆኑን ካልገለጽን በስተቀር በመልሶቹ ውስጥ ያሉት የምንዛሪ ዋጋዎች ለማሳያ የወሰድናቸው እንጂ የዕለቱ የገበያ ዋጋዎች አይደሉም። ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የምንዛሪ ዋጋውን ባውቀውም ማባዛት ይሁን ማካፈል ሁልጊዜ ይምታታብኛል። በካልኩሌተር ሁለቱንም እሞክርና የሚመስለውን እወስዳለሁ። የማያሳስት ዘዴ አለ?

መልስ፦ አለ። ዋጋውን ባዶ ቁጥር አድርገው አይጻፉት። «1.10» ብቻውን ምንም አይነግርዎትም፤ «1 ዩሮ = 1.10 ዶላር» ብለው ከጻፉት ግን የስሌቱን አቅጣጫም ያሳይዎታል። በእጅዎ ያለው ገንዘብ ከ«1» ጎን የተጻፈው ከሆነ ያባዛሉ፤ 450 ዩሮ በ1.10 ሲባዛ 495 ዶላር ነው። በእጅዎ ያለው ሌላኛው ከሆነ ያካፍላሉ፤ 495 ዶላር ለ1.10 ሲካፈል 450 ዩሮ ይመጣል። ከዚያ አንድ ፈጣን ማረጋገጫ ያድርጉ። 1 ዩሮ ከ1 ዶላር በላይ የሚያወጣ ከሆነ፣ ለተመሳሳይ ሀብት የዶላሩ ቁጥር ምንጊዜም ከዩሮው ቁጥር መብለጥ አለበት። ተገልብጦ ከመጣ ማካፈል ሲገባዎት አባዝተዋል፣ ወይም ማባዛት ሲገባዎት አካፍለዋል ማለት ነው።

በገበያው አጻጻፍ ሁለት ገንዘቦች በጥንድ ሲቀመጡ «1» የሚባለው ፊት ያለው ነው። «ዩሮ/ዶላር 1.10» ማለት በ1 ዩሮ 1.10 ዶላር ማለት ነው። መካከል ያለችው ጭረት የማካፈያ ምልክት ስለምትመስል ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ጭምር «በ1 ዶላር ስንት ዩሮ» ብሎ ያነባታል፤ ትርጉሟ ግን የዚያ ተቃራኒ ነው። ዩሮ፣ ፓውንድ፣ የአውስትራሊያና የኒው ዚላንድ ዶላር ከአሜሪካ ዶላር ጋር ሲጣመሩ ፊት ይቆማሉ። የጃፓን የን፣ የስዊዝ ፍራንክና የካናዳ ዶላር ደግሞ ከአሜሪካ ዶላር በኋላ ይጻፋሉ።

ሁለት ወጥመዶች በተደጋጋሚ ያጋጥማሉ። የመጀመሪያው የጭንቅላት ስሌት ነው፦ «ዩሮ ከዶላር በ10 በመቶ ስለሚበልጥ፣ ወደ ዩሮ ስመልስ 10 በመቶ ልቀንስ» ማለት። ከ495 ላይ 10 በመቶ ሲቀነስ 445.50 ነው የሚቀረው፤ 4.50 ዩሮ ጠፋ። 10 በመቶው መጀመሪያ የተሰላው በ450 ላይ ሲሆን አሁን የተቀነሰው ከ495 ላይ ነው፤ ትክክለኛው ቅናሽ 9.09 በመቶ ነበር። ተመኑ 1.50 ቢሆን ኖሮ ስህተቱ ሩቡን ይወስዳል፦ 100 ወደ 150 ያድጋል፣ ከ150 ላይ 50 በመቶ ሲቀነስ 75 ይቀራል።

ሁለተኛው ወጥመድ «1» ያልሆነ መነሻ ነው። የን ትንሽ ዋጋ ያለው አሃድ በመሆኑ ብዙ ሰሌዳዎች በ100 የን ነው የሚጽፉት። ሰሌዳው «የን 0.65 ዩሮ» ካለና መነሻው 100 ከሆነ፣ 12,000 የን በመጀመሪያ ለ100 ተካፍሎ 120 ይሆናል፤ 120 በ0.65 ሲባዛ 78 ዩሮ ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው 7,800 ዩሮ ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ በምንዛሪ ሰሌዳ ላይ «መግዣ» እና «መሸጫ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች አሉ። እኔ ዶላር ልሸጥ ስሄድ «መሸጫ» የሚለውን አይቼ ነበር፤ የተሰጠኝ ግን ያነሰ ነው። ተጭበርብሬ ይሆን?

መልስ፦ አልተጭበረበሩም። ዓምዶቹ የተጻፉት ከመንዛሪው ወገን ሆነው ነው። «መግዣ» ማለት እሱ የውጭውን ገንዘብ ከእርስዎ የሚገዛበት ዋጋ ሲሆን «መሸጫ» ለእርስዎ የሚሸጥበት ነው። ከጠፋብዎት፣ ከሁለቱ ዋጋዎች ለእርስዎ የማይመቸው የእርስዎ ነው ብለው ይያዙ።

በቁጥር እንየው። ለ1 ዶላር መግዣው 0.90 ዩሮ፣ መሸጫው 0.94 ዩሮ ይሁን። 600 ዶላር ይዘው ቢሄዱ 600 × 0.90 = 540 ዩሮ ይቀበላሉ። ሐሳብዎን ለውጠው እዚያው ቢመልሱት 540 ÷ 0.94 = 574.47 ዶላር ነው የሚያገኙት። የገበያው ዋጋ ምንም ሳይንቀሳቀስ 25.53 ዶላር ወይም 4.26 በመቶ ሄዷል። ለዚህ ነው «ኮሚሽን የለም» የሚለው ማስታወቂያ ብቻውን ትርጉም የሌለው፤ ክፍያው በሁለቱ ዓምዶች ልዩነት ውስጥ ተቀምጧል። መንዛሪው ምን ያህል እንደሚያተርፍ ለመገመት የሁለቱን ዋጋ አማካይ ይውሰዱ፤ እዚህ 0.92 ነው። ባንኮች እርስ በርስ የሚገበያዩበት ዋጋ ብዙውን ጊዜ ለዚህ አማካይ ይቀርባል። ከ0.92 ወደ 0.90 ያለው ርቀት 2.17 በመቶ ስለሆነ በአንድ ጉዞ የከፈሉት ያንን ነው።

አሁን ሌላ መንዛሪ ዶላሩን በ0.915 ዩሮ ገዝቶ በእያንዳንዱ ግብይት 5 ዩሮ የአገልግሎት ክፍያ ይቀንሳል እንበል። ለ600 ዶላር 549 ሲቀነስ 5፣ ማለትም 544 ዩሮ ይሰጣል፤ ከመጀመሪያው በ4 ዩሮ ይሻላል። ለ100 ዶላር ግን 86.50 ዩሮ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው 90 ይሰጥ ነበር። እኩል የሚሆኑበትን መጠን ለማግኘት ቋሚ ክፍያውን ለዋጋዎቹ ልዩነት ያካፍሉ፦ 5 ÷ 0.015 = 333.33 ዶላር። ከዚያ በታች ክፍያ የሌለው፣ ከዚያ በላይ ክፍያ ያለው ይሻላል። ስሌቱን መሥራት ካልፈለጉ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ጥያቄ ያቅርቡ፦ «ይህን ያህል ባስረክብ፣ ሁሉም ክፍያ ተቀንሶ በእጄ የሚገባው ስንት ነው?» በእኛ አመለካከት መንዛሪን ከመንዛሪ ለማወዳደር ከዚህ የተሻለ ጥያቄ የለም።

ሰሌዳው ለጥሬ ገንዘብና ለሐዋላ የተለያየ ዋጋ ካሳየዎትም አይገረሙ። የወረቀት ገንዘብ ይቆጠራል፣ ሐሰተኛ አለመሆኑ ይመረመራል፣ በካዝና ይቀመጣል፣ በጥበቃ ይጓጓዛል፤ ወጪው ሁሉ የጥሬ ገንዘቡን መግዣና መሸጫ ያራርቀዋል።

ጥያቄ፦ በእጄ ያለውንና የምፈልገውን ገንዘብ በቀጥታ የሚያገናኝ ዋጋ የትም አላገኘሁም። ሁለቱም ከዶላር ጋር ያላቸው ዋጋ ግን አለ። ያ ይበቃኛል?

መልስ፦ ይበቃል። ከብዙ ገንዘቦች መካከል ያሉ ጥንዶች ራሳቸው የሚሰሉት እንደዚያ ነው። ለምሳሌ የሳዑዲ ሪያል ከ1986 ጀምሮ በ1 ዶላር 3.75፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ድርሃም ከ1997 ጀምሮ በ1 ዶላር 3.6725 ሆነው ከዶላር ጋር ታስረዋል። ሁለቱም የ1 ዶላር እኩያ ስለሆኑ 3.75 ሪያል ከ3.6725 ድርሃም ጋር እኩል ነው። 1 ሪያል = 3.6725 ÷ 3.75 = 0.979333 ድርሃም፤ 2,000 ሪያል 1,958.67 ድርሃም ይሆናል። ልብ ይበሉ፤ የሚፈልጉት ገንዘብ ቁጥር ከላይ፣ ያለዎት ገንዘብ ቁጥር ከታች ነው። ይህ የሚሠራው ሁለቱም «በ1 ዶላር ስንት» ተብለው ከተጻፉ ብቻ ነው። አንዱ ተገልብጦ ከተጻፈ፣ ለምሳሌ «1 ፓውንድ = 1.28 ዶላር» ካለ፣ ማካፈሉ ወደ ማባዛት ይለወጣል። በጣም ብዙ ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ነው። በተግባር ግን ሁለት ጊዜ ስለሚመነዝሩ የመግዣና የመሸጫን ልዩነት ሁለት ጊዜ ይከፍላሉ። የስዊድን ክሮና ይዘው የን ይፈልጋሉ እንበል። መንዛሪው 1 ዶላርን በ10.40 ክሮና ገዝቶ በ10.60 ይሸጣል፤ ወይም ደግሞ በ148 የን ገዝቶ በ152 ይሸጣል። 5,300 ክሮና ሲሰጡ መጀመሪያ ዶላር ይሸጥልዎታል፦ 5,300 ÷ 10.60 = 500 ዶላር። ከዚያ ዶላሩን ይገዛዎታል፦ 500 × 148 = 74,000 የን። በአማካይ ዋጋዎቹ፣ በ10.50 እና በ150፣ ቢሰላ 75,714 የን ነበር። 1,714 የን፣ ማለትም 2.26 በመቶ፣ በመንገድ ቀርቷል። ቀጥተኛ የክሮናና የን ዋጋ የሚሰጥ ሌላ መንዛሪ ካገኙ ከ74,000 ጋር ያወዳድሩ እንጂ ከ75,714 ጋር አይደለም።

ጥያቄ፦ በኤክሴል የምሠራው የምንዛሪ ሰንጠረዥ ከባንኩ ደረሰኝ ጋር በሳንቲሞች፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይለያያል። ቀመሩን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ትክክል ነው።

መልስ፦ ቀመሩ ትክክል ሆኖም ተመኑ አስቀድሞ ተጠጋግቶ ሊሆን ይችላል። በተለይ የተገለበጠ ተመን ይጠርጥሩ። ዩሮ ሲመሠረት ይህ ጉዳይ ብዙ አሳስቦ ስለነበር ለማስረጃ የሚሆን ጥሩ ምሳሌ አለ። የጣሊያን ሊሬ በ1 ዩሮ 1,936.27 ሆኖ ተቆረጠ። አንድ ሰው ይህን ገልብጦ «1 ሊሬ = 0.0005 ዩሮ» ብሎ ቢያጠጋጋ 1,000,000 ሊሬ 500 ዩሮ ይሆንበታል። በትክክል ሲካፈል ግን 516.46 ዩሮ ነው። ከ16 ዩሮ በላይ በማጠጋጋት ብቻ ጠፋ።

የአውሮፓ ኅብረት የ1997 ደንብ ቁጥር 1103 ይህን ለመከላከል ጥብቅ ነበር። ተመኖቹ በ6 ትርጉም ያላቸው አሃዞች ይጻፋሉ፤ በስሌት ጊዜ አይጠጋጉም፣ አይቆረጡም፤ የተገለበጠ ተመን መጠቀም አይፈቀድም። ከአንዱ አሮጌ ገንዘብ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው በዩሮ በኩል ማለፍ አለበት፤ መካከለኛው ውጤት ከ3 አስርዮሽ ቦታ ባነሰ አይጠጋጋም። 100 የጀርመን ማርክ ወደ ፈረንሳይ ፍራንክ እንቀይር። 100 ÷ 1.95583 = 51.12918… ነው። ይህን 51.129 ላይ አጠጋግተው በ6.55957 ቢያባዙት 335.38 ፍራንክ ይመጣል። ሳያጠጋጉ ቢቀጥሉ 335.39 ነው። ሁለቱም ደንቡን ያከበሩ ናቸው፤ አንዲት ሳንቲም ግን ይለያያሉ። ስለዚህ በእርስዎና በባንኩ መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ግብይት አንድ ሳንቲም ከሆነ ስህተት ፍለጋ ቀንዎን አያባክኑ። ከዚያ ከበለጠ ግን ባንኩ የተጠቀመበትን ሙሉ ተመን ከደረሰኙ ላይ ወስደው ይሞክሩት። ደረሰኙ ላይ ከሌለ የተቀበሉትን ለሰጡት ያካፍሉ።

ለሰንጠረዥዎ የምንመክረው፦ ተመኑን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በአንድ ሕዋስ ያስቀምጡ፤ ለተቃራኒው አቅጣጫ ሌላ ተመን ከመጻፍ ይልቅ በዚያው ሕዋስ ያካፍሉ። ማጠጋጋት የመጨረሻው ደረጃ ላይ ብቻ ይሁን፤ መጠኑም በሚደርሱበት ገንዘብ ይወሰን። የንና የኮሪያ ወን አስርዮሽ የላቸውም። አብዛኞቹ ገንዘቦች 2 አስርዮሽ ይይዛሉ። የኩዌት፣ የባሕሬንና የዮርዳኖስ ዲናር እንዲሁም የኦማን ሪያል ግን 3 ይይዛሉ። የኩዌት ዲናርን በ2 አስርዮሽ የሚቆርጥ ሰንጠረዥ በየመስመሩ ፊልስ (የዲናር አንድ ሺህኛ) እየበላ ይሄዳል። በኤክሴል የሕዋሱን መልክ ወደ 2 አስርዮሽ መቀየር ቁጥሩን እንደማያጠጋጋ ይወቁ፤ የሚያሳየው ተቀየረ እንጂ የሚያሰላው ያው ሙሉ ቁጥር ነው። የተጠጋጋ ድምር የሚያስፈልግ ከሆነ የማጠጋጊያ ቀመር ያስገቡ። አንድ የመጨረሻ ነገር፦ ፋይሉ ከሌላ አገር የመጣ ከሆነ ነጥብና ነጠላ ሰረዙን ይመልከቱ። በጀርመንና በብዙ የአውሮፓ አገሮች 1.234 ማለት አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሠላሳ አራት ነው።

ጥያቄ፦ የአንድ አገር ገንዘብ ሲዳከም አንዱ ጋዜጣ «በ50 በመቶ ወረደ»፣ ሌላው «በ100 በመቶ» ይላል። ማንን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱንም፤ የለኩት ነገር የተለያየ ነው። በጥር 1994 የሲኤፍኤ ፍራንክ (በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ በርካታ አገሮች የሚጠቀሙበት ገንዘብ) ሲዳከም ከ50 ወደ 100 ለ1 የፈረንሳይ ፍራንክ ሆነ። በሲኤፍኤ ሲለካ የፈረንሳዩ ፍራንክ 100 በመቶ ተወደደ። በፈረንሳይ ፍራንክ ሲለካ ሲኤፍኤ ከ0.02 ወደ 0.01 ወረደ፤ ያ 50 በመቶ ነው። ለውጡ እጥፍ ባይሆንም እንዲሁ ነው፤ ከ50 ወደ 80 ሲሄድ የውጭው ገንዘብ 60 በመቶ ይወደዳል፣ የአገሩ 37.5 በመቶ ይወርዳል። «ገንዘቡ ስንት ወረደ?» ለሚለው ጥያቄ አሮጌውን ተመን ለአዲሱ አካፍለው ከ1 ይቀንሱ፦ 1 − 50 ÷ 80 = 0.375። «ገንዘቡ በ120 በመቶ ረከሰ» የሚል ዜና ካነበቡ ጸሐፊው የውጭውን ገንዘብ ጭማሪ ነው የጻፈው፤ ምንም ነገር ከዋጋው ከ100 በመቶ በላይ ሊወርድ አይችልም።

ጥያቄ፦ ውጭ አገር በካርድ ስከፍል ማሽኑ «በአገሩ ገንዘብ ወይስ በእርስዎ ገንዘብ?» ብሎ ይጠይቀኛል። በራሴ ገንዘብ ማየቱ ደስ ይላል፤ ጉዳት አለው?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አለው። «በእርስዎ ገንዘብ» ካሉ ምንዛሪውን የሚሠራው የነጋዴው ወገን አገልግሎት ሰጪ ነው፤ ትርፉንም ተመኑ ላይ ይጨምራል። «በአገሩ ገንዘብ» ካሉ የካርድዎ ድርጅትና ባንክዎ ይመነዝራሉ። ግን በደፈናው ከመምረጥ ማሽኑ ፊት ማካፈል ይቻላል። ዕቃው 80 ፓውንድ ሆኖ ስክሪኑ 108 ዶላር ካሳየ የቀረበልዎት ተመን 1.35 ነው። የካርድ ድርጅቱ የዕለት ተመን 1.28 ሆኖ ባንክዎ 3 በመቶ የውጭ ግብይት ክፍያ ቢጨምር 80 × 1.28 × 1.03 = 105.47 ዶላር ይከፍላሉ፤ የአገሩ ገንዘብ ይሻላል። ስክሪኑ 104 ዶላር ቢያሳይ ኖሮ ግን የማሽኑን መቀበል ያዋጣ ነበር፤ ባንክዎ በዚያም ላይ የውጭ ግብይት ክፍያውን የማይቆርጥ ከሆነ ነው ታዲያ። አንዳንዶቹ ይቆርጣሉ፤ ከመጓዝዎ በፊት ይህን አንድ ነገር ይጠይቁ። የካርድ ክፍያ የሚመነዘረው ግብይቱ በሚወራረድበት ቀን ተመን ሊሆን ስለሚችልም፣ በማግስቱ የተለየ ቁጥር ቢያዩ ወይም የመለሱት ዕቃ ገንዘብ ትንሽ ለየት ብሎ ቢገባ ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ አሮጌ ሰነድ ላይ ያለ የቱርክ ሊራ በመቀየሪያ መተግበሪያ ሳሰላ የማይታመን ሀብት ሆነብኝ።

መልስ፦ ሀብት አይደለም። ቱርክ ጥር 1 ቀን 2005 ስድስት ዜሮ ቆርጣ 1,000,000 አሮጌ ሊራን 1 አዲስ ሊራ አደረገች፤ የገንዘቡ መለያ ኮድም ከቲአርኤል ወደ ቲአርዋይ ተቀየረ። ጋና በ2007 10,000 አሮጌ ሴዲን፣ ዛምቢያ በ2013 1,000 አሮጌ ኳቻን በ1 አዲስ ተክተዋል። ከእነዚህ ቀኖች በፊት የተጻፈን ቁጥር መጀመሪያ ዜሮውን ቆርጠው ከዚያ ይመንዝሩ። ባለሦስት ፊደሉን ኮድ መመልከት ለሌላም ይጠቅማል፤ ዶላር፣ ክሮና፣ ዲናር ወይም ፍራንክ የሚባል ገንዘብ ያለው አገር አንድ ብቻ አይደለም።

ጥያቄ፦ ዕቃ በዩሮ በዱቤ ገዝተን መዝገባችንን በዶላር እንይዛለን። የግዢው ቀን፣ ዓመቱ የሚዘጋበትና የከፈልንበት ቀን ተመን ሦስቱም ይለያያሉ። የቱን እንያዝ?

መልስ፦ ሦስቱንም፣ በየቦታቸው። በዓለም አቀፉ የሒሳብ አያያዝ ደረጃ 21 መሠረት ግብይቱ የሚመዘገበው በተፈጸመበት ቀን ተመን ነው። ዕዳው 10,000 ዩሮ፣ የዕለቱ ተመን 1.08 ከሆነ ዕቃውም ዕዳውም በ10,800 ዶላር ይገባሉ። ዓመቱ ሲዘጋ ተመኑ 1.12 ቢሆን ያልተከፈለው ዕዳ ወደ 11,200 ከፍ ይላል፤ 400 ዶላሩ የምንዛሪ ልዩነት ኪሳራ ሆኖ በዚያ ዓመት ውጤት ውስጥ ይመዘገባል። ዕቃው በግዢ ዋጋ የተያዘ ስለሆነ 10,800 ላይ ይቆያል፤ ብዙ መዝገብ ያዦች እዚህ ላይ ዕቃውንም አብረው ከፍ ያደርጉና ኪሳራውን ይደብቁታል። በሚቀጥለው ዓመት በ1.10 ሲከፍሉ 11,000 ዶላር ይወጣል፤ ከተመዘገበው 11,200 ስለሚያንስ 200 ዶላር ትርፍ ነው። የሁለቱ ዓመት ድምር 200 ዶላር ኪሳራ ይሆናል፤ ይህም በ10,800 እና በ11,000 መካከል ካለው ልዩነት ጋር እኩል መምጣት አለበት። ካልመጣ ከሦስቱ ተመኖች አንዱ በተሳሳተ ቀን ተወስዷል፤ ብዙውን ጊዜ የመዝጊያው ነው፤ የዓመቱ የመጨረሻ ቀን ሰንበት ወይም በዓል ሲውል አንዱ ሠራተኛ የቀደመውን፣ ሌላው የሚቀጥለውን የሥራ ቀን ተመን ስለሚወስድ። የትኛውን እንደምትይዙ አስቀድማችሁ ወስኑና በጽሑፍ አስቀምጡት።